ከሻሸመኔ መገንጠያ በፊት፦ የሐዋሳን ሪዞርትና የደጋ ከተማን አመዛዝኖ የመምረጥ መመሪያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆና በባቱ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው ዋና መንገድ ሻሸመኔ ላይ ይከፈላል፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደፊት የቀጠለ መንገደኛ የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ የሆነችውን ሐዋሳንና በሐይቋ ዳርቻ የተሠሩትን ሪዞርቶች ሲያገኝ፣ ወደ ምሥራቅ የታጠፈው ደግሞ ኮፈሌን፣ ዶዶላንና አዳባን አልፎ ዲንሾ፣ ሮቤና ጎባ ወደሚባሉት የባሌ ደጋ ከተሞች ይወጣል። ለሐዋሳ ነዋሪ ይኸው ምርጫ ከዚህም ቀረብ ብሎ ይመጣለታል፤ በከተማው ሐይቅ ዳር ከማደር ይልቅ በይርጋለምና በአለታ ወንዶ በኩል ወደ ሲዳማ ደጋ ወጥቶ የሁላ ወረዳ ከተማ በሆነችው በሀገረ ሰላም መሰንበት ይችላልና።

ሪዞርት የሚባለው ማረፊያን፣ ምግብን፣ መዋኛን፣ የልጆች መጫወቻንና የመሰብሰቢያ አዳራሽን በአንድ ቅጥር ግቢ ውስጥ አሟልቶ የያዘ፣ እንግዳው ከግቢው ሳይወጣ ቀኑን እንዲያሳልፍ ታስቦ የተደራጀ ድርጅት ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የማረፍ ልማድ ከዋቢ ሸበሌ ሆቴሎች ዘመን ጀምሮ የነበረ ቢሆንም፣ ዛሬ ከሪዞርቶቹ አንዱ ሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የከፈተውና በራሱ ስም የሚጠራው ነው፤ ሌዊ ሪዞርትም በዚሁ ዳርቻ በስፋት የሚታወቅ ነው። የደጋ ከተማ ሲባል ደግሞ ማረፊያው ራሱ መዳረሻ ያልሆነበት፣ እንግዳው አልጋውን ለማደሪያ ብቻ ተጠቅሞ ቀኑን በዙሪያው ባለው ተራራ፣ ጫካና ገበያ የሚያሳልፍበት ትንሽ ከተማ ማለት ነው። የሁለቱ ልዩነት የምቾት መጠን ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በሪዞርቱ ቀኑን የሚያሰናዳው ድርጅቱ ሲሆን በተራራው ከተማ የሚያሰናዳው ተጓዡ ራሱ ስለሆነ፣ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው የአልጋ ዋጋን ከአልጋ ዋጋ ጋር አስተያይቶ መወሰን ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ማነጻጸር ይሆናል። ስለዚህ አመራረጡ ከጊዜና ከተጓዦቹ አካል ተነሥቶ ወደ ገንዘብ መሄድ አለበት።

አንደኛ፦ ሌሊቱን ሳይሆን የቀን ብርሃኑን መቁጠር

የመጀመሪያው ሥራ ጉዞው ስንት የብርሃን ሰዓት እንደሚይዝ አስልቶ ከዚያ ላይ መንገዱን መቀነስ ነው። በኢትዮጵያ አንድ ቀን 12 ሰዓት ያህል ብርሃን ስላለው፣ ዓርብ ማለዳ ተነሥቶ እሑድ ማታ የሚመለስ የአዲስ አበባ ቤተሰብ በእጁ ያለው 36 የብርሃን ሰዓት ነው። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ደርሶ መልሱ ዐሥር ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ 26 ሰዓት ይተርፋል። ዲንሾ ግን በሻሸመኔ በኩል ወደ 400 ኪሎ ሜትር ስለሚሆንና ከመገንጠያው በኋላ መንገዱ እየወጣ፣ በየመንደሩም ከብት፣ ጋሪና ፈረስ እየተሻገረበት ስለሚሄድ፣ ደርሶ መልሱ 16 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይበላል። ከቀሪው ላይ ምግብና ዕረፍት ሲነሣለት ለተራራው የሚተርፈው አንድ ሙሉ ቀን ብቻ ነው።

በዚህ ስሌት ለሁለት ሌሊት ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው፣ መኪና መንዳትን ራሱን እንደ መዝናኛ የሚቆጥር ካልሆነ በስተቀር፣ ባሌን ቢተወው ይሻለዋል። ሦስት ሌሊት የድንበር ቁጥር ነው። አራት ሌሊትና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ሚዛኑ ይገለበጣል፤ ምክንያቱም የሪዞርት ግቢ በሦስተኛው ቀን ልጆችን ባይሆንም አዋቂን ማሰልቸት ይጀምራል፤ በባሌ በኩል ደግሞ ዲንሾን፣ ከሱ አጠገብ ያለውን የጋይሳይ ሣር ሜዳ፣ የሳነቴን አምባና ከአምባው ወዲያ ያለውን የሐረና ጫካ በየተራ ለማየት ከዚያ ያነሰ ጊዜ አይበቃም። ለሐዋሳ ነዋሪ ስሌቱ ይቀልለታል፤ ወደ ሀገረ ሰላም ለአንድ ሌሊት ሄዶ መመለስ አያደክምም፤ ዲንሾም በሁለት ሌሊት የሚሞከር ይሆንለታል።

ሁለተኛ፦ ከተጓዦቹ መካከል ደካማውን ለይቶ በእርሱ ልክ መቁረጥ

ይህ ደረጃ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ሆኖ ሳለ ብዙውን ጊዜ የሚዘለለው እርሱ ነው። የቤተሰብ ወይም የባልንጀሮች ጉዞ የሚመዘነው በጠንካራው አባል ፍላጎት ሳይሆን በደካማው አቅም ስለሆነ፣ አዘጋጁ በመጀመሪያ በዕድሜ የገፉትን፣ ሕፃናትን፣ ነፍሰ ጡሮችን፣ እንዲሁም የልብ፣ የሳንባ፣ የአስም ወይም የደም ማነስ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በስም መዝግቦ፣ እያንዳንዳቸው የሚያድሩበትን ከፍታ ከፊታቸው ማስቀመጥ አለበት።

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሀገረ ሰላም ከ2,700 ሜትር ትበልጣለች፤ ዲንሾ ወደ 3,100 ሜትር ይጠጋል፤ የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ሲሆን በላዩ የቆመው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅንም ይቀንሳል፤ በቱሉ ዲምቱ ጫፍ የሚተነፍስ ሰው በባሕር ጠለል ከሚያገኘው ከዐሥር እጅ ስድስት እጅ ያህሉን ብቻ ያገኛል። የከፍታ ሕመም የሚባለው ሰውነት ይህን እጥረት ሳይለምድ ቶሎ ሲወጣ የሚመጣ ችግር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ ከተደረሰ ጥቂት ሰዓታት በኋላ በራስ ምታት፣ በማቅለሽለሽ፣ በምግብ ፍላጎት መጥፋትና በእንቅልፍ መረበሽ ይጀምራል። እነዚህ ምልክቶች የታዩበት ሰው ሌላ ዳገት መውጣቱን ትቶ ባለበት ማረፍና ውኃ መጠጣት፣ ካልተሻለው ደግሞ ዝቅ ወዳለ ስፍራ መውረድ ይገባዋል፤ ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ከተወላገደ ወይም ንግግሩ ከተምታታበት ግን ንጋት ሳይጠበቅ ማውረድና ወደ ሐኪም መውሰድ ግዴታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማይጠበቅ ነገር አለ። በ2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚኖረው የአዲስ አበባ ሰው ደጋውን በከፊል የለመደ ሲሆን፣ ለተራራው ቅርብ የሆነው የሐዋሳ ነዋሪ ግን በአንድ ቀን ከ1,700 ወደ 3,100 ሜትር ስለሚዘል የባሰ ሊሰማው ይችላል። ጥንቃቄው ቀላል ነው፤ ቀን ከፍ ብሎ ውሎ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ነው። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ የሚያሠጋ ሰው ያለበት ቡድን ዲንሾን ቀን ጎብኝቶ ሌሊቱን በእነዚህ ከተሞች ቢያሳልፍ ከተራራው ምንም አይጎድልበትም። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ግን ከሐኪሙ ጋር ሳይማከር ሳነቴን ማሰብ የለበትም፤ ለእርሱ የሐዋሳ ሐይቅ ዳር ከሁሉም የተሻለ ምርጫ ነው።

የቆላውም ወገን የራሱ ሥጋት አለው። በኢትዮጵያ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ አገር የወባ ሥጋት ያለበት ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ሐዋሳ የሚያድር ሰው አልጋው አጎበር ያለው መሆኑን መጠየቅ ሲኖርበት በዲንሾ ግን ይህ ጭንቀት የለም። በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዝያ የተባለው፣ በቀንድ አውጣ አማካይነት በውኃ ውስጥ የሚተላለፍ ጥገኛ ትል መኖሩ ስለሚታወቅና በሐይቁም ጉማሬ ስላለ፣ ዋና የሚወድ ቤተሰብ መዋኛ ገንዳ ያለውን ሪዞርት መምረጥ እንጂ በሐይቁ መተማመን የለበትም። ገንዳው በዚያ ሳምንት ሥራ ላይ መሆኑ ሳይረጋገጥ ለልጆች ቃል መግባትም ጠብ መጥራት ነው።

ሦስተኛ፦ የቀን መቁጠሪያውን ከሁለት አቅጣጫ ማየት

ተራራው የሚጠየቀው በዝናብ፣ ሪዞርቱ የሚጠየቀው በበዓል ነው። በባሌ ደጋ ዝናቡ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ ከፍ ዝቅ እያለ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ፣ ለእግርና ለፈረስ ጉዞ የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው የበጋ ወቅት ነው፤ ይሁን እንጂ ሰማዩ ጥርት የሚልበት ይኸው ወቅት ሌሊቱ ውርጭ የሚጥልበትም በመሆኑ፣ በሳነቴ ላይ ውኃ ረግቶ ማደሩ የተለመደ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት ከ6 እስከ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚቀንስ ቢታሰብ፣ በአንድ ዓይነት ቀን በሐዋሳና በሳነቴ መካከል የ15 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይኖራል።

በሐዋሳ በኩል ዝናቡ ያን ያህል አያስጨንቅም፤ የሚያስጨንቀው አልጋ ማጣት ነው። የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል በሚውልባቸው በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ከተማዋ ከየአገሩ በሚመጡ ምእመናን ትሞላለች። ገናና ጥምቀትም እንዲሁ ናቸው። የሲዳማ ብሔር የዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጨምበላላ፣ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የገባው በዓል፣ ቀኑ የሚታወቀው በአያንቱዎች፣ ማለትም የከዋክብትንና የጨረቃን አካሄድ በሚያነቡ የሲዳማ አዋቂዎች ስለሆነ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ተጓዡ ዕረፍቱን ከመቁረጡ በፊት የዓመቱን ቀን ከከተማዋ ሰዎች መጠየቅ አለበት። በዓሉን በጉዱማሌ አደባባይ ለማየት የሚፈልግ ቀድሞ ክፍል ይይዛል፤ ጸጥታ የሚፈልግ ደግሞ ያን ሳምንት ለተራራው ያውለዋል። ከሠርግ ወቅትና በሪዞርት አዳራሾች ከሚካሄዱ የመሥሪያ ቤት ስብሰባዎችም መጠንቀቅ ያሻል፤ በሥራ ቀናት ሪዞርቶችን የሚሞላው ብዙውን ጊዜ ዕረፍተኛ ሳይሆን ተሰብሳቢ ነውና።

ጾምም ከስሌት ይገባል። በዐቢይ ጾም ሐዋሳ የምትመረጥበት አንዱ ምክንያት ዓሣዋ ነው፤ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጠዋት ከጀልባ የወረደው ቆሮሶ ወዲያው ተቆራርጦና ተጠብሶ ይቀርባል፣ የዓሣ ሾርባም አይጠፋም፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ፍርፋሪውን በሰው መካከል ቆመው ይጠብቃሉ። ዓሣን ከጾም ምግብ የማይቆጥር አጥባቂ ጿሚ ግን ይህን ጥቅም ከሚዛኑ ያወጣዋል። በአንጻሩ የባሌና የአርሲ ደጋ የወተት፣ የማርና በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ አገር፣ የሲዳማ ደጋም በቅቤና በወተት የሚሠራው የእንሰት ምግብ የቡሪሳሜ አገር ስለሆነ፣ በጾም የሄደ ሰው የአገሩን ምርጥ ሳይቀምስ ይመለሳል።

አራተኛ፦ ሙሉውን ሒሳብ መሥራት

ገንዘቡ የሚታሰበው ከላይ ያሉት ከተወሰኑ በኋላ ነው። የሪዞርት ዋጋ ሲነገር ሦስት ነገሮች ይጠየቃሉ፤ ዋጋው ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለክፍል፣ ቁርስ ብቻ ነው የተካተተው ወይስ ሃፍ ቦርድ የሚሉት ቁርስና አንድ ዋና ምግብ ወይም ፉል ቦርድ የሚሉት ሦስቱም ምግብ፣ የአገልግሎት ክፍያና ተጨማሪ እሴት ታክስስ ገብቶበታል ወይ። የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ለምሳሌ 6,000 ብር የተባለ ክፍል 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲታከልበት 6,600፣ በዚያ ላይ 15 በመቶው ታክስ ሲታሰብ 7,590 ብር ይሆናል፤ ለሦስት ሌሊት ልዩነቱ ከሌላ ሌሊት ሙሉ ዋጋ ግማሽ የሚበልጥ ገንዘብ ነው።

የተራራው ሒሳብ በተቃራኒው አልጋው ርካሽ፣ ቀሪው ውድ ነው። ከአልጋና ከምግብ በላይ የነዳጅ ወይም የመኪና ኪራይ፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ፣ የአስጎብኚ የቀን አበል፣ ድንኳን የሚተከል ከሆነ የምግብ አብሳይ፣ የፈረስና የፈረስ ሳቢ ኪራይ፣ እንዲሁም ጉርሻ በየራሳቸው መስመር መጻፍ አለባቸው። የአስጎብኚና የመኪና ክፍያ በአንድ ሰው ሳይሆን በቡድን ስለሚሆን፣ ለሁለት ሰው የሚከብደው ወጪ ለስድስት ሰው ይቀላል፤ ሪዞርት ግን በሰው ቁጥር ልክ እየጨመረ ይሄዳል። አምስትና ስድስት ሆነው የሚሄዱ ጤነኛ ወጣቶች ተራራው የሚያዋጣቸው፣ ሕፃን የያዙ ባልና ሚስት ደግሞ ሪዞርቱ የሚያዋጣቸው በዚህ ምክንያት ነው። በተራራው የሚከፈለው ገንዘብ አብዛኛው በቀጥታ ለአካባቢው ሰው እጅ መድረሱም ለአንዳንድ ተጓዥ ራሱን የቻለ መመዘኛ ነው፤ በአዳባና በዶዶላ የፈረስ ጉዞው በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ ሲጀመር፣ የጫካው ነዋሪ ደኑን ጠብቆ ከጎብኚ ገቢ እንዲያገኝ ታስቦ ነበር።

አምስተኛ፦ ስልክ ደውሎ መጠየቅ

ፎቶግራፍ ለሁለቱም ወገን ያደላል። ስለሆነም ሪዞርቱን ለመጠየቅ፦ ክፍሉ ወደ ሐይቁ ያያል ወይስ ወደ መኪና ማቆሚያው፣ በእነዚያ ሌሊቶች በግቢው ሠርግ ወይም ሙዚቃ አለ ወይ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል ወይስ እስከ እኩለ ሌሊት ብቻ። የተራራ ከተማውን ማረፊያ ለመጠየቅ ደግሞ፦ ሙቅ ውኃ በየትኛው ሰዓት ይገኛል፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስና ማገዶ ይሰጣል ወይ፣ እራት በትእዛዝ ነው ወይስ ሁልጊዜ አለ፣ መኪና ሌሊት የሚጠበቅበት ግቢ አለ ወይ። በዶዶላ በኩል በጫካው ውስጥ ያሉትን የመንገደኛ ቤቶች የሚያስብ ሰው ከእነርሱ መካከል በዚያ ወር እንግዳ የሚቀበሉት የትኞቹ እንደሆኑ ሳያረጋግጥ መነሣት የለበትም። መልሱን የሚሰጠው ሰው በዝርዝር የማይመልስ ከሆነ፣ ያም መልስ ነው።

የመንገዱ ሁኔታና ጸጥታ የሚጠየቀው ግን ከወር በፊት ሳይሆን በመነሻው ሳምንት፣ ከማረፊያው ሰውና በዚያ መስመር ከሚመላለሱ ሾፌሮች ነው። የራሱ መኪና የሌለው ተጓዥ ከሐዋሳ መናኸሪያ ወደ ሻሸመኔ፣ ከዚያም ወደ ሮቤ በሚሄድ ሚኒባስ ወይም አነስተኛ አውቶቡስ በዲንሾ ሊወርድ ይችላል፤ ማለዳ ካልተነሣ ግን ተሽከርካሪው እስኪሞላ ግማሽ ቀን ይባክናል። ከጨለመ በኋላ በደጋው መንገድ መንዳት አይመከርም። ጥሬ ገንዘብ መያዝም ያስፈልጋል፤ ቴሌብርም ሆነ የባንክ ካርድ መብራትና ኔትወርክ ሲኖር ነው የሚሠራው።

ስድስተኛ፦ ምን እንደሚታይ ሳያጋንኑ መገመት

ተራራን የመረጠ ሰው የሚከፍለው ለዕድል ጭምር መሆኑን ማወቅ አለበት። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ በዓለም ላይ ቁጥሩ 500 እንኳ የማይሞላው ቀይ ቀበሮ ከሁሉም በብዛት የሚገኝበት ስፍራ ነው፤ ሆኖም ቀበሮው በሳነቴ አይጠ መጎጥ ሲያድን ለማየት ማለዳ ወጥቶ መታገሥን ይጠይቃል፤ ጭጋግ ከጣለም ጅብራው እንኳ ላይታይ ይችላል። የደጋ አጋዘን ግን በዲንሾ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ሳይቀር ስለሚሰማራ ብዙ የማይራመድ ሰውም ያየዋል፤ ለአረጋውያን ባሌን የሚያስመርጥ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ሀገረ ሰላም እንደ ባሌ የተደራጀ የጎብኚ አገልግሎት የላትም፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው የቀርከሃ ቤቶችን፣ የእንሰት ጓሮዎችን፣ ብርዱንና የገበያ ቀኑን ብሎ እንጂ የዱር እንስሳን ብሎ አይሁን።

ሪዞርትን የመረጠ ሰው ደግሞ የሐዋሳን ዕድል ግቢ ውስጥ ተዘግቶ እንዳያባክነው ያስፈልጋል። ከብዙ የሐይቅ ዳር ሪዞርቶች የሐዋሳዎቹ የሚለዩት ከተማ ውስጥ በመሆናቸው ነው፤ በባጃጅ ወጥቶ ጠዋት አሞራ ገደል፣ አመሻሹ ላይ በሐይቁ ዳር ያለው ፍቅር ሐይቅ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ታቦር ተራራ መድረስ ይቻላል። በሚገርም ሁኔታ ለሐይቅ እይታ ከፍለው ሁለት ቀን ሙሉ ቴሌቪዥን ያዩ እንግዶች ጥቂት አይደሉም።

ሰባተኛ፦ ሁለቱን ማጣመር ከተፈለገ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ

አምስት ሌሊት ያለው ቡድን መምረጥ ላያስፈልገው ይችላል፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ብዙ ይለውጣል። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ቡድን የመጀመሪያውን ሌሊት ዝቅ ባለችው ሐዋሳ ቢያድር ለከፍታው ምንም አይለማመድም፣ ወደ ተራራው የሚወስደው መንገድም 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝምበታል፤ ስለዚህ ከሻሸመኔ ወደ ዶዶላ ታጥፎ የመጀመሪያውን ሌሊት በ2,500 ሜትር ገደማ በዚያው አድሮ፣ ሁለተኛውን በዲንሾ፣ ሦስተኛውን በጎባ አሳልፎ ሳነቴን በመካከል ማየት፣ ከዚያም የመጨረሻዎቹን ሁለት ሌሊቶች ወደ ሐዋሳ ወርዶ በሪዞርት ማረፍ ይሻለዋል። የደከመ እግርና አቧራ የጠገበ ልብስ ሙቅ ውኃና የልብስ ማጠቢያ የሚያስፈልጋቸው ያኔ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ የሚቀረውም መንገድ አጭሩ ይሆናል። ከሐዋሳ የሚነሣ ቡድን ግን ከፍታውን ስላልለመደ የዶዶላዋን ሌሊት ፈጽሞ መዝለል የለበትም።

የሻንጣው ዝግጅትም ከዚሁ ይከተላል፤ ወፍራም ጃኬት፣ ጓንት፣ የዝናብ ልብስና የእጅ ባትሪ በላይ፣ የዋና ልብስ ከታች ይደረጋሉ። ቅድሚያ ክፍያ ሲፈጸም የመሰረዣውን ቀነ ገደብ በጽሑፍ ማስላክ፣ የሪዞርቱንም ክፍያ በተቻለ መጠን ቀኑን ወደፊት ለመግፋት በሚፈቅድ ውል መያዝ ያስፈልጋል፤ ተራራው ላይ ዝናብ ይዞ አንድ ቀን ያስቀረው ቡድን ሐዋሳ የሚደርሰው ካሰበው አንድ ቀን ዘግይቶ ነውና።